የካርዱ 85 እና የፈተናው 38

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በአብዛኛው የሚሰማው አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ሲጠባ ነው። በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ይህ ወቅት ከነሐሴ 24ቱ ክብረ በዓል ብዙ አይርቅም። በበዓሉ ዕለት ስለ ልጇ ውጤት የተሳለች እናት፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ሁለት ወረቀት ይዛ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ንስሐ አባቷ ትመጣለች እንበል። አንደኛው የትምህርት ቤቱ ካርድ ነው፤ «አማካይ 85፣ ደረጃ 3ኛ» ይላል። ሁለተኛው ከስልክ ላይ የተገለበጠው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው፤ ከ600 ነጥብ 228፣ ይኸውም ከመቶ 38። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «አባቴ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው ውሸቱ?»

ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ የተለኩት ግን በአንድ መስፈሪያ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚረዳው ከረፈደ በኋላ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ግን የልጁን ካርድ በየመንፈቀ ዓመቱ የማየት ዕድል ስላላቸው፣ ካርድን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ አስቀድመው ቢያውቁ ለምእመኑ ትልቅ ረድኤት ይሆናል።

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነሥቶ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚሄድ ሰው በእግሩ ጥቂት ተጉዞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ትምህርት ቤት ያገኛል። በሰንጋ ተራ በኩል ቢያልፍ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ልደታ ቢዘልቅ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ይጠብቀዋል። የሰፈሩ ልጅ እነዚህን አጥሮች ዕለት ዕለት እየታከከ ያድጋል። ዳሩ ግን ወደ ግቢዎቹ የሚያስገባው መንገድ በትምህርት ቤቱ ካርድ በኩል አያልፍም። የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሲመድብ መሠረት የሚያደርገው የብሔራዊ ፈተናውን ድምር ውጤትና የተማሪውን ምርጫ ነው። ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቅርቡ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በካርድ ላይ የተሰበሰበው 85 እና 90 ሁሉ በዚህ ምደባ ውስጥ ነጥብ ሆኖ አይደመርም።

ይህ አሠራር ለካህናት እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ደቀ መዝሙር ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ድጓ ቢማር፣ መምህሩም ቢያመሰግነው፣ ምስክርነቱን የሚቀበለው ቤተልሔም ወርዶ በዚያ ባሉ መምህራን ፊት ሲፈተን ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ያስተማረው መምህር ሌላ፣ የሚመሰክረው ጉባኤ ሌላ እንዲሆን አበው ያደረጉት፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ከማዘኑ የተነሣ መስፈሪያውን እንዳያሰፋለት ነው ብንል አንሳሳትም። በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት ግን አለ። ቤተልሔም የወረደው ደቀ መዝሙር ካልበቃ ተመልሶ እየቀጸለ ይቆያል እንጂ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ «ስንተኛ» አይባልም። የዘመናዊው ትምህርት መለኪያ ግን ረዘም ላለ ጊዜ በውድድር ላይ የቆመ ነበር።

ዛሬ በሰበካ ጉባኤ ከሚያገለግሉት አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ «ማትሪክ» የተፈተኑ ናቸው። በዚያ ዘመን ውጤት የሚነገረው በፊደል ነበር፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ሆነው ይታሰቡና አማካዩ ከ4 ነጥብ ይሰላል። የ12ኛ ክፍሉ ማትሪክ በ1990ዎቹ አጋማሽ በከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ከተተካ በኋላም፣ እስከ 2011 ዓ.ም. ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ፈተና በዚሁ የፊደል ሥርዓት ቀጥሏል። በ10ኛ ክፍሉ ፈተና ፊደል የሚታደለው ተማሪው ከተፈታኙ ሁሉ አንጻር በቆመበት ቦታ ስለነበር፣ ፈተናው ቢከብድም ኤ የሚያገኙ ይኖራሉ፤ ቢቀልም ኤፍ የሚወድቅባቸው አይጠፉም። ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የመቁረጫ ነጥብም በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር፤ የሚወሰነውም በአብዛኛው ባለው ቦታ ብዛት ነው። ለወንድና ለሴት፣ ለታዳጊ ክልልና ለሌላው የተለያየ መቁረጫ ይወጣ ነበር። በዚያ ሥርዓት ያደገ ወላጅ «ልጄ ከክፍሉ 3ኛ ነው» ሲባል ልቡ ቢያርፍ አያስደንቅም። ደረጃ ማለት ዕድል የነበረበት ዘመን ነበርና።

ያ ዘመን በ2014 ዓ.ም. ፈተና አበቃ። ከዚያ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ እስከ መሰረዝ ተደርሶ ነበር፤ በኋላም ኩረጃ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ ውጤቱን ማመን አስቸግሮ ቆየ። ስለዚህ የ2014ቱ ተፈታኞች ከየቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ለቀጥታ መግቢያም የማይነቃነቅ ወሰን ተቀመጠ፤ ይህም ከመቶ 50 ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ይህን ወሰን የደረሱት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ አለፉ። ቁጥሩ በዝግታ እያደገ ነው፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከአሥራ ሁለት ተፈታኞች ያለፈው አንድ ያህል ነው።

ከእነዚህ አኃዞች ሁሉ ይልቅ ለሰበካ ጉባኤ የሚጠቅመው ሌላው ነው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዱ ክፍል ግን 1ኛ የወጣ፣ በሰኔ ወር በወላጆች ፊት ተጨብጭቦለት ሽልማት የተቀበለ ልጅ ነበረ።

የካርዱ ነጥብ ለምን ይህን ያህል ከፍ ይላል? መምህሩ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ጥያቄ ያወጣል፣ ራሱም ያርማል፤ ጥያቄውም ባለፉት ሳምንታት ከተማረው ምዕራፍ አይወጣም። በተከታታይ ምዘናው ውስጥ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር አያያዝና የክፍል ተሳትፎ ነጥብ አላቸው። አንድ ጎበዝ ልጅ የሠራው የቡድን ሥራ ለስድስት ልጆች እኩል ይመዘገባል። የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ካርዱ ካላማረ ወላጁ ልጁን ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት እንደሚወስድበት ያውቃል። ይህን ስንል መምህራንን መውቀሳችን አይደለም። ስድሳና ከዚያ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ፣ «ለምን ጣልክብኝ» የሚል ወላጅና «ለምን ብዙ ወደቀ» የሚል አለቃ ከፊቱ ቆመው፣ መስፈሪያውን አጥብቆ መያዝ ለማንም ቀላል አይደለም። የትምህርት ቤት ምዘና ዋና ሥራውም ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ለመምህሩ ማሳየት ነው እንጂ ለዩኒቨርሲቲ መመስከር አልነበረም። ጥፋቱ ያለው ካርዱን እንደ ምስክር ወረቀት ስናነበው ነው።

ብሔራዊው ፈተና በአንጻሩ የበርካታ ዓመታትን ትምህርት በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሰዓት ይገድባል፤ ያወጣውም ልጁን የማያውቅ ሰው ነው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ ከአራት አማራጮች አንዱ ይመረጣል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ የሚገባን አንድ ስሌት አለ። ምንም ያላነበበ ልጅ 100 ጥያቄ ቀርቦለት ዓይኑን ጨፍኖ ቢሞላ፣ ከአራቱ አንዱ እየገጠመለት በአማካይ 25 ያገኛል። እንግዲህ የዚህ ፈተና ወለል 25 ነው፤ ከዜሮ አይጀምርም። ከወለሉ በላይ የቀሩት 75 ነጥቦች ናቸው የልጁን ዕውቀት የሚናገሩት። 38 ያመጣ ልጅ ከወለሉ 13 ከፍ ብሏል፤ 13 ለ75 ሲካፈል በእርግጥ የሚያውቀው ከመቶ 17 ያህል ነው። 50 ያመጣው 25 ከፍ ብሏል፤ ከመቶ 33 ያህል ያውቃል። (አንዱ ልጅ በግምት ይቀናዋል፣ ሌላው አይቀናውም፤ ሁለት አማራጭ ጥሎ ከቀሩት የሚመርጥም አለ፤ ስለዚህ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ለማመዛዘን ግን ይበቃል።) ቅኔ የሚዘርፍ ደቀ መዝሙር ከአራት አንዱን አያከብምና ይህ ችግር የለበትም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። ብዙ ቤተሰብ «12 ነጥብ ብቻ ጎደለው፤ ትንሽ ቢያጠና ይሞላል» ይላል። 12 ነጥቡ ግን ልጁ የሚያውቀውን በእጥፍ የማሳደግ ሥራ ነው፤ በፈተናው ዋዜማ በሁለት ሳምንት የሚሠራ አይደለም። በሌላ በኩል 50ን እንደማይደፈር ተራራ የሚያዩ ልጆች አሉ። ለእነርሱ ደግሞ ከትምህርቱ አንድ ሦስተኛውን አጥርቶ ማወቅ በሩን እንደሚከፍት መንገር ይገባል። ቁጥሩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱን ያነቃል፣ ሌላውን ያጽናናል።

በወሰኑና ከእርሱ በታች ባለ መቁረጫ መካከል ለቀሩት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «ሪሜዲያል» የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ተምሮ በድጋሚ ይመዘናል፤ ካለፈ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቱን ይጀምራል። በዚህም ምዘና ከፍተኛው ድርሻ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና የተያዘ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለጨረሰም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ የማለፊያ ነጥቡ አሁንም 50 ነው። ከአስተማረው መምህር ውጭ ያለ ምስክር በየደረጃው ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ካርዱ በእርግጥ የሚመዘንበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ባሕር ማዶ ነው። ሰበካ ጉባኤዎቻችን የነፃ ትምህርት ዕድል ለሚያመለክቱ ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚጽፉ ይህን ማወቃቸው ተገቢ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ውጤት በዝርዝር ይጠይቃሉ። በዚያ ሀገር ልማድ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ፣ በ80ዎቹ ያለው ቢ፣ በ70ዎቹ ያለው ሲ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ አጥብቆ በሚያርም ትምህርት ቤት 78 ያመጣ ብርቱ ልጅ፣ ሁሉን በሚያሞግስ ትምህርት ቤት 95 ካመጣ ደካማ ልጅ በታች ሆኖ ሊታይ ይችላል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 70 ከፍተኛው ማዕረግ የሚጀምርበት ነጥብ ነው፤ አንዱ ቁጥር በሁለት ሀገር ሁለት ትርጉም አለው።

የጀርመን ተቋማት ከሀገራቸው ውጭ የተገኘን ውጤት ለመለወጥ በሰፊው የሚጠቀሙበት ስሌት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የተማሪው ነጥብ ይቀነሳል፤ ቀሪው በከፍተኛውና በማለፊያው ነጥብ መካከል ላለው ልዩነት ይካፈላል፤ በ3 ይባዛል፤ 1 ይደመርበታል። በዚያ ሀገር የላቀው ውጤት 1፣ የመጨረሻው ማለፊያ 4 ነው። 80 ያመጣ ተማሪ ማለፊያው 50 መሆኑ በወረቀቱ ላይ ከተገለጸ 2.2 ይሆንለታል። ማለፊያው ሳይጻፍ ቀርቶ መርማሪው 60 ነው ብሎ ቢያስብ ግን ያው 80 ወደ 2.5 ይወርዳል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው የጎደለው። ስለሆነም የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፣ ትምህርት ቤቱ የነጥብ አሰጣጡንና የማለፊያውን ወሰን በውጤቱ ላይ እንዲያሰፍር፣ ደረጃውንም «3ኛ» ብቻ ሳይሆን «ከ64 ተማሪዎች 3ኛ» ብሎ እንዲጽፍ ወላጁን መምከር ይገባል። የሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ራሱ ስለ ልጁ ጠባይና አገልግሎት ቢመሰክር መልካም ነው፤ ስለ ነጥቡ ግን ባይናገር ይሻላል።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። በብዙ አጥቢያዎች ሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ በየክፍላቸው ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ይሸልማል። ልማዱ ደግ ነው፤ ግን ልጁም ወላጁም በካርዱ እንዲያርፉ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን መካድ አይቻልም። ባለፉት ዓመታት የወጡትን የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች ሰብስቦ፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ልጆቹን በአዳራሹ አራርቆ አስቀምጦ፣ በሰዓት ገድቦ መፈተን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአጥቢያው ከሚቀድሱና ከሚያስቀድሱ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን አይጠፉም። የሚያርመው የልጁን ስም የማያውቅ ሰው ይሁን። ውጤቱም በአደባባይ አይነበብ፤ ለልጁና ለወላጁ ለብቻ ይሰጥ። ይህ ከ9ኛ ክፍል ቢጀመር ለማረም ሦስት ዓመት ይተርፋል፤ በ12ኛ ክፍል ግንቦት ላይ ቢጀመር ከማስደንገጥ በቀር ብዙ አይጠቅም።

አሁን ያቺን እናት መልስ ሳንሰጥ አናሰናብታት። ካህኑ በመጀመሪያ «ልጁ ሰንፎ ነው» ከማለት ይጠበቅ፤ አራት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ነህ ያልነው እኛው ነን። ቀጥሎም ድምሩን ትቶ ዝርዝሩን ይጠይቅ። የልጁ ስድስት ውጤቶች እንዲህ ናቸው እንበል፦ እንግሊዝኛ 31፣ ሒሳብ 29፣ የመማር ችሎታ 44፣ ፊዚክስ 36፣ ኬሚስትሪ 42፣ ባዮሎጂ 46። ወለሉ 25 መሆኑን ካስታወስን፣ ይህ ልጅ ከባዮሎጂ ሩቡን ያህል ሲያውቅ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ከግምት ብዙም አልራቀም። የካርዱ እንግሊዝኛ ግን 84 ይላል። ስድስቱም ፈተናዎች የሚቀርቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዚያ ድክመት ዋጋ ስድስት ጊዜ ተከፍሏል፤ ፊዚክሱን የጣለው ምናልባት ፊዚክስ ላይሆን ይችላል።

የሚጎድሉት 72 ነጥቦች ናቸው። ማለፊያው በድምር ስለሚታይ በሁሉም 50 ማምጣት አይጠበቅበትም። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ዓመቱን በብርቱ ቢሠራበት፣ እንግሊዝኛው ወደ 50፣ ሒሳቡ ወደ 42 ቢወጣ 32 ነጥብ ተገኘ። እንግሊዝኛው ሲቃና ሌሎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው 10 ቢጨምሩ 40 ይሆናል፤ ድምሩ 300 ሞላ። ልጁ እጁ ለሥራ የሚታዘዝ፣ ልቡም ወደ ሙያ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ፣ ከሰፈሩ ሳይርቅ በሜክሲኮ በኩል ተግባረ ዕድ አለ፤ እርሱንም ልጁን ጠይቆ እንጂ እንደ ቅጣት አቅርቦ አይደለም። ግል ተፈታኝነቱን ከመረጠ ግን ሰበካ ጉባኤው የምዝገባውን ቀን ይከታተልለት፤ በሳምንት ሦስት ምሽት እንግሊዝኛ የሚያስነብበው አንድ ሰው ከምእመናኑ መካከል ይፈልግለት፤ የአዳራሹንም ቁልፍ ይስጠው።